በስልክ ያሳቀው ኮሜዲያን አዳራሽ ሲገባ ምን ይሆናል?

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው ጊዜ የሠርግ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች የምስጋና ምሽት፣ የሽልማት ፕሮግራምና የዓመት መዝጊያ ግብዣ ይከተላል። በሁለቱም ወቅት ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉ የሆቴል አዳራሾች አንድ ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል፤ «ቲክቶክ ላይ በሳቅ የገደለን ልጅ መድረክ ላይ ቀዘቀዘብን» የሚል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሦስት ዓይነት መልስ አለ። አንዱ ወገን ጥፋቱን ኮሜዲያኑ ላይ ይጥላል፤ ያው የቴሌግራም ቀልድ ነው የሚያወራው ይላል። ሌላው ተመልካቹን ይወቅሳል፤ ኑሮ የከበደው ሰው በምን ይሳቅ? ሦስተኛው ዘመኑን ይከሳል፤ ዛሬ ምን ተነክቶ ይቀለዳል፣ ሁሉም ያስቀይማል ባይ ነው። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ግን የኮሜዲው ሰዓት እንዴት እንደከሸፈ በዝርዝር ሲመረመር፣ ቀልዱ ገና ከመነገሩ በፊት በጠረጴዛው አቀማመጥ፣ በድምፁና በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል የተበላሸው ይበዛል። አዳራሾቻችን የሚሰናዱት ለንግግር፣ ለቡፌና ለጭፈራ ነው። ስታንድአፕ ከሦስቱም የተለየ ነገር ይፈልጋል።

ጭውውት፣ ተረብ፣ ስታንድአፕ

ስታንድአፕ ኮሜዲ ማለት አንድ ሰው ያለ ገጸ ባሕርይ ልብስና ያለ አጋር ተዋናይ፣ በራሱ ስም ቆሞ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያናገረ የሚያስቅበት የመድረክ ሥራ ነው። ላይ ላዩን ወግ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በጥቃቅን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ሴትአፕ የሚባለው መንደርደሪያ አድማጩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራል። ፓንችላይን የሚባለው መምቻ ወዳልጠበቀው ይጥለዋል። ታግ ያለ አዲስ መንደርደሪያ በዚያው ሳቅ ላይ የሚታከል ሁለተኛ ምት ነው። ኮልባክ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በፊት የተሳቀበትን ነገር ሁሉም በረሳው ሰዓት መልሶ ማንሳት ነው። ከተመልካች ጋር ወዲያው እየተነጋገሩ ማሳቁ፣ ክራውድ ወርክ የሚሉት፣ ለኛ ሰፈር ተረብ የቀረበ ዘመድ ነው።

ብቻውን ቆሞ በቃል ማሳቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከታዳሚው «ተቀበል» እየተባለ የሚወረወርለትን ስንኝ ተቀብሎ፣ የሰጪውን ሐሳብ ለራሱ ለሰጪው መልሶ ሲያለብሰው ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ዛሬም ከአፍ አልወጡም። በካሴትና በቴሌቪዥን ዘመን ግን ሰፊውን ቦታ የያዘው ጭውውት ነበር። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ ሲነሱ ስማቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ለዝግጅት አዘጋጅ ትልቅ ትርጉም አለው። በጭውውት ውስጥ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይመታል። ተመልካቹ ዝም ቢል እንኳ ሁለቱ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። በስታንድአፕ አጋሩ ተመልካቹ ራሱ ነው፤ እሱ ካልመለሰ ንግግሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ሦስተኛ ሙያ ነው። 40 ሰከንድ ይረዝማል፣ ፊት በቅርብ ይታያል፣ ጽሑፍ ከሥር ይሮጣል፣ ያልተሳካው ተቆርጦ ይጣላል። በ40 ሰከንድ የተካነ ሰው 20 ደቂቃ ያዝ ሲባል ያንኑ ሥራ 30 ጊዜ ያለ መቀስ እንዲደግም እየተጠየቀ ነው። አንዳንዱ ይችለዋል፤ ግን የተከታዩ ብዛት ስለዚህ ችሎታ የሚነግረን ነገር የለም።

የአማርኛ ቀልድ የሚሰበርበት ቦታ

መምቻው የዐረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቃል መሆን አለበት የሚለው ደንብ በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ ጸሐፊውን ይፈትነዋል። አስገራሚው ነገር ግሱ ከሆነ ቋንቋው ራሱ ያግዛል። አስገራሚው ዓላማ፣ ሰው ወይም ቦታ ሲሆን ግን የተለመደው የቃላት ቅደም ተከተል ምሥጢሩን አስቀድሞ ያወጣዋል።

ይህንን ቀልድ እንይ፦ «አከራያችን መብራት ሲጠፋ ቆጣሪ ሊያነቡ ሻማ ይዘው ይመጣሉ።» ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን አይያዝም። «ቆጣሪ» የሚለው ቃል መሃል ላይ ሾልኮ ወጥቷል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቃላት ባዶ ጎታች ናቸው። አሁን ይገልበጥ፦ «አከራያችን እግዜር ይስጣቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ይዘው ይመጣሉ።» ትንፋሽ። «ቆጣሪ ሊያነቡ።» ያው ቀልድ ነው። የተለወጠው የምትና የዝምታው ቦታ ብቻ ነው። «እግዜር ይስጣቸው» የገባችውም ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ አድማጩ ደግ አከራይ እንዲያይ ታደርጋለች።

ያቺ «ትንፋሽ» ከአንድ ሰከንድ አትበልጥም። በዚያ አንድ ሰከንድ አስተናጋጅ ሳህን ቢጥል፣ ማይኩ ቢያፏጭ ወይም ከጎን አዳራሽ የዘፈን ቤዝ ቢያልፍ ቀልዱ ሞተ። ዘፈን እንዲህ ያለ ጉዳት ይችላል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ቢጠፋበት አዝማቹ ተመልሶ ይመጣል። መምቻ ተመልሶ አይመጣም፤ «ምን አለ?» ተብሎ ከጎን ሰው ከተጠየቀ አብቅቷል።

ሁለተኛው አደጋ መጥበቅና መላላት ነው። ብዙው የአማርኛ ቃላዊ ጨዋታ፣ ሰሙም ወርቁም፣ አንድን ፊደል በማጥበቅና በማላላት ላይ ይቆማል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ሙሽራው ዛሬ ይበላል» የሚለው ሲላላ ሙሽራው ምሳውን ያገኛል፣ ሲጠብቅ አማቶቹ ሙሽራውን ያገኙታል። በድምፅ ደረጃ ልዩነቱ አንድን ተነባቢ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ረዘም አድርጎ መያዝ ነው። በእብነ በረድ ወለልና በመስታወት ግድግዳ አዳራሽ ውስጥ የቀደመው ድምፅ ሳይጠፋ እየተንከባለለ ያችን ክፍተት ይሞላታል፤ የጠበቀውም የላላውም አንድ ይሆናል። የቋንቋ ጨዋታ የሚወድ ጎበዝ ኮሜዲያን ከተራ ተራቢው ይልቅ በመጥፎ ድምፅ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ተራቢው ቢያንስ በፊቱና በእጁ ይድናል።

ኢኮውን አጥፉልን

ወደ ሳውንዱ እንምጣ። ከተማ ውስጥ የሚከራየው የድምፅ መሣሪያ በአብዛኛው የሚስተካከለው ለዘፋኝና ለዲጄ ነው። ድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ላይ በዘፋኙ ማይክ የተጫነ ኢኮና ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፅን የሚያስተጋባና የሚያስረዝም ኢፌክት፣ ይኖራል፤ ዘፋኙን ያሳምራል፣ ተናጋሪውን ግን ይበላዋል። ኮሜዲያኑ ከመውጣቱ በፊት ሳውንድማኑ በዚያ ቻናል ያለውን ኢፌክት በሙሉ ማጥፋት፣ ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ መቁረጥ፣ የዲጄውንም መስመር መዝጋት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ይረሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሙከራው «አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ» በማለት ብቻ ማለቅ የለበትም። አንድ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ «ገና» እና «ይበላል» የሚሉትን አላልቶና አጥብቆ ይበል፣ ሌላ ሰው የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የትኛው እንደተባለ ይናገር። ከተምታታበት ድምፁ ገና አልተስተካከለም።

ማይኩ ዳይናሚክ የሚባለው ተራ የእጅ ማይክ ይሁን፤ በየሳውንድ ቤቱ የሚገኘው ሹር ኤስኤም 58 እና መሰሎቹ ይበቃሉ። ከአፍ 3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይያዛል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ሳውንድማኑ ያንን ለማካካስ ቮልዩም ሲጨምር ማይኩ ማፏጨት ይጀምራል። ራፐሮች እንደሚያደርጉት የማይኩን ራስ በመዳፍ ማፈንም ያው ነው። ከወንፊቱ በስተኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ማይኩ ከፊት ብቻ መስማቱን ትቶ ከዙሪያው ሁሉ መስማት ይጀምራል፤ ስፒከሩንም ጭምር። ሽቦ አልባ ከሆነ ባትሪው ለዚያ ምሽት አዲስ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የስብሰባ ንግግር የጨረሰ ባትሪ ምሽት 3 ሰዓት ላይ በመምቻው ላይ ይሞታል። ባለሽቦ ተጠባባቂ ማይክ ከነመቆሚያው መድረኩ ጥግ ላይ በርቶ ይጠብቅ።

ረጅም አዳራሽ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው አጠገብ ሁለተኛ ስፒከር ሲተከልለት፣ የዚያ ስፒከር ድምፅ እንዲዘገይ ካልተደረገ፣ ሰውየው ቃሉን ሁለቴ ይሰማዋል፤ ከአጠገቡ አንዴ፣ ከመድረኩ ከ60 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ አንዴ። ከ50 ሚሊሰከንድ የሚበልጥ ልዩነት በንግግር ላይ እንደ ማሚቶ ይሰማል። መፍትሔው የኋለኛውን ስፒከር ሚክሰሩ ላይ በዚያው መጠን ማዘግየት ነው። ከኋላ የተቀመጡት «አልሰማንም» ሲሉ ቮልዩም መጨመር ግን ችግሩን ያባብሰዋል፤ የጎደላቸው ጥራት ነው፣ ኃይል ሞልቷል።

ክብ ጠረጴዛ፣ ሶፋና ባዶ መሬት

ሳቅ ይጋባል፤ የሚጋባው ግን ተቀራርቦ ለተቀመጠ ሰው ነው። የሆቴል አዳራሽ ደግሞ ሰዉን ለመበተን የተመቸ ነው። ባለ 1.80 ሜትር ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ 10 ሰው ሲቀመጥ ከመካከላቸው አራቱ ወይም አምስቱ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተዋል። ለንግግር ሰዓት ይህ አያስቸግርም፤ ማንም ዞሮ አያይም። ለኮሜዲ ግን ጀርባውን የሰጠ ሰው የጠረጴዛውን ሌሎች ሰዎችም ይዞ ይወርዳል፤ አንገቱ ሲደክመው ወሬ ይጀምራልና።

የሚረዳው መድረኩን በሚያየው ወገን ብቻ ወንበር ማስቀመጥ ነው። 300 እንግዳ በ10 ሲከፈል 30 ጠረጴዛ ነው፤ በ8 ሲከፈል 38 ይሆናል። አዳራሹ 38 ከያዘ ያንን ማድረግ ነው። ካልያዘ ከመድረኩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ረድፎች ብቻ በ7 ሰው አስተካክሎ የቀረውን በ10 መተው ከምንም ይሻላል። ሳቁ ከፊት ከተነሳ ወደኋላ ይሄዳል፣ ከኋላ ተነስቶ ወደፊት ሲመጣ ግን ብዙም አይታይም።

ከዚህ የሚብሰው በመድረኩና በመጀመሪያው ጠረጴዛ መካከል ለጭፈራ የሚተወው 6 ሜትር ባዶ መሬት ነው። ኮሜዲያኑ የሚያየው የወለል ንጣፍ ነው። የተመልካቹን ዓይን ካላየ መቼ ማቆም፣ መቼ መቀጠል እንዳለበት ፍንጭ የለውም። ባዶውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሁለት ረድፍ ወንበር መሙላት፣ ያ ካልሆነ ደግሞ 2 በ2 ሜትር የሆነች፣ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለች ትንሽ መድረክ በጭፈራው ቦታ መሃል አስገብቶ ኮሜዲያኑን ወደ ሰው ማቅረብ ይቻላል። ይህንን ማታ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ሲደረደር መነገር አለበት።

ስለ ክብር እንግዶች ሶፋም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ምሽት የሥራ ኃላፊዎቹ መሃል ፊት ለፊት፣ ለስላሳና ውኃ በተደረደረበት ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። ሠራተኛው ከኋላቸው ነው። ስለ ስብሰባ ብዛት ቀልድ ሲነገር የሠራተኛው ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኃላፊው ትከሻ ነው፤ ተንቀጠቀጠ ወይስ አልተንቀጠቀጠም? ኃላፊው ከሳቁ አዳራሹ ይፈታል። ካልሳቁ ግን ለምሽቱ በሙሉ ይታሰራል። ብልህ አዘጋጅ ሶፋውን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ኃላፊው መድረኩንም ሠራተኛውንም ያያሉ፣ ሠራተኛውም የሳቁትን ፊት ያያል። ብልህ ኮሜዲያን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ኃላፊው አስቀድመው የፈቀዱትን አንድ ቀላል ተረብ በራሳቸው ላይ ይጥላል፤ የፓርኪንግ ቦታቸውን፣ የሻይ ሰዓታቸውን። ከዚያ በኋላ መሳቅ እንደሚፈቀድ ሁሉም ያውቃል።

ብርሃኑ አጭር ነገር ነው። ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት መብራት፣ አዳራሹ ደብዘዝ ያለ፣ ከኋላ ያለው ኤልኢዲ ስክሪን ጥቁር ወይም የማይንቀሳቀስ። የድርጅቱ ማስታወቂያ ከኮሜዲያኑ ኋላ እየዞረ ከቀጠለ ዓይን ወደሚንቀሳቀሰው ይሄዳል። የስክሪኑ ብርሃንም ፊቱን ያጨልመዋል። ፊቱ የማይታይ ሰው አያስቅም።

ከቡፌ በፊት ወይስ በኋላ?

ጥሪው «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ይላል፤ እንግዳ ተሟልቶ የሚቀመጠው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ንግግር፣ ዶክመንተሪ፣ ሽልማት ይከተላል። በወረቀት ላይ 3 ሰዓት የተባለው ኮሜዲ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሹ እንግዳ የመኪና ቁልፉን ይዞ ሲነሳ ይመጣል። ኮሜዲ ሁልጊዜ እንደ ማካካሻ ስለሚታይ ሌላው ሲረዝም የሚገፋው እሱ ነው።

ከመብላት በፊት ይቅረብ የሚሉ አሉ፤ የተራበ ሰው ቢያንስ አፉ ባዶ ነው። ከበላ በኋላ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ የጠገበ ይታገሳል። ሁለተኛው ያመዝናል፤ ሆኖም አንድ ሁኔታ አለው፤ ሳህኑ መነሳት አለበት። በምንም ዓይነት ግን በቡፌ ሰልፍ መሃል አይሆንም። ስሌቱ ቀላል ነው። 300 ሰው በአንድ ባለሁለት ወገን ቡፌ ሲሰለፍ፣ በየወገኑ በደቂቃ 4 ሰው ቢያልፍ፣ የመጨረሻው ሰው ሳህኑን የሚይዘው ከ38 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። በጾም ወቅት የጾሙና የፍስኩ ለየብቻ ሲሆን አንዱ ሰልፍ ያጥራል፣ ሌላው ይረዝማል። አዘጋጁ «እየበሉ ይሳቁ» ብሎ ኮሜዲያኑን ካወጣ አዳራሹ ውስጥ የሚበላ፣ የሚሰለፍና የሚፈልግ እንጂ የሚያዳምጥ የለም።

የደቂቃው መጠንም እንደ ዝግጅቱ ይለያያል። ለመሥሪያ ቤት ምሽት 20 ደቂቃ ጥሩ ልክ ነው። ሠርግ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። እዚያ ሦስት ትውልድ፣ ምናልባትም ሁለት ሃይማኖት፣ ቄስና ሕፃን አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም የሚያስቅ ነገር ከዚያ በላይ አይገኝም። በበዓል ባዛር፣ ኤግዚቢሽን ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ስታንድአፕ ባይሞከር ይሻላል። ሰው ቆሞ አይሰማም፣ ሳቁም ጣሪያ ስለሌለው ወደ መድረኩ አይመለስም። ባዛር የሚፈልገው ጨዋታና ሽልማት ነው። ለአፍሪካ ኅብረትና ለተባበሩት መንግሥታት ስብሰባዎች ለሚመጡ የውጭ እንግዶች በሚደረግ እራት ላይ ደግሞ አስተርጓሚ ያለው ቀልድ የለም። ሙዚቃ ይሁንላቸው።

ኮሜዲያኑን የሚያስተዋውቀው የመድረክ መሪም ድርሻ አለው። «አሁን በሳቅ የሚያፈነዳን፣ ሆዳችንን የሚያሳምመን…» ብሎ ማውጣት ተመልካቹን እጁን አጣጥፎ «እስቲ እናያለን» እንዲል ያደርገዋል። ስም፣ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ጭብጨባ፤ ይበቃል። ከኅሊና ጸሎት ወይም ስለ ሟች ባልደረባ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዘፈን ሳይገባ ኮሜዲ አይወጣም። ግልጽ ይመስላል፤ ፕሮግራሙን የሚያወጣውና የሚያስፈጽመው ሰው ሲለያዩ ግን ይረሳል።

ምን ተነክቶ ይቀለዳል?

በካሴቱ ዘመን ብዙ ያስቀው ነገር የአነጋገር ዘዬ ማስመሰል ነበር፤ የገጠሩ፣ የክፍለ ሀገሩ፣ የነጋዴው፣ የጠላ ቤቷ። ዛሬ ያ መንገድ ጠቧል። አንዱ ወገን ይህንን እንደ ኪሳራ ያየዋል፤ እርስ በርስ መተራረብ አብሮ የመኖር ምልክት ነበር ይላል። ሌላው ተረቡ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይወረወር እንደነበር ያስታውሳል። ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል፤ ሁሉም ሲስቅ አንድ ጠረጴዛ ዝም ካለ አዘጋጁ ነገ የሚያገኘው ስልክ ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ብዥታ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ደንግጎ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግር ማለት በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆነ ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። አዋጁ የኪነ ጥበብ ፈጠራና ክዋኔን ከክልከላው የሚያስወጣ ድንጋጌ አለው። ስለዚህ «ማንኛውም ቀልድ ያስከስሳል» ማለት ልክ አይደለም። በሌላ በኩል ይህ ድንጋጌ ፍርድ ቤት የሚነሳ መከራከሪያ ነው። በስልክ ተቀርጾ መንደርደሪያው ተቆርጦ መምቻው ብቻ የተለቀቀን ቪዲዮ በዚያው ሌሊት አያቆመውም።

በመሥሪያ ቤት ዝግጅት ላይ ዋናው ፈንጂ ፖለቲካ እንኳ አይደለም። የደመወዝ ጭማሪ፣ ሊቀነስ የታሰበ ሠራተኛ፣ ባለፈው ወር በጥል የወጣ ኃላፊ፤ ኮሜዲያኑ ይህንን ሊያውቅ አይችልም። አስተናጋጁ ድርጅት የማይነኩ ጉዳዮችን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያንስ ከሳምንት በፊት መስጠት አለበት። በዚያው ወረቀት ላይ የሚነኩትም ይጻፉ፤ የካፌው ሽሮ፣ ሁልጊዜ የሚበላሸው ሊፍት። ሙሉ ጽሑፉን ቃል በቃል አይቼ ላጽድቅ ማለት ግን ሌላ ነው። በወረቀት የተነበበ ቀልድ ስለማያስቅ ኮሚቴው ደህናውን ሰርዞ ደካማውን ያሳልፋል።

ክሊፑ የማን ነው?

ዘፋኝ አንድ ዘፈን 20 ዓመት ሊዘፍን ይችላል፤ እንዲያውም ያንን ካልዘፈነ ይቀየሙታል። ቀልድ ግን አንዴ ከተሰማ ዋጋው ይወርዳል። በሠርግ ላይ የቀረበ 12 ደቂቃ በቪዲዮ ባለሙያው በኩል ሾልኮ ቢወጣ በቀጣዩ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ግማሹ እንግዳ መምቻውን ቀድሞ ይናገራል።

ክሊፕ ማስታወቂያ ነው፣ ያለሱ ማን ይጠራሃል የሚለው አስተያየትም ሚዛን ይደፋል፤ የዛሬ ኮሜዲያን የሚታወቀው በስልክ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው አሠራር ሥራን መክፈል ነው። ከተመልካች ጋር በዚያው ምሽት የተፈጠረው ተረብ ይለቀቃል፤ ዳግም አይነገርምና የሚጎዳው ነገር የለም። የተጻፈው ዋና 20 ደቂቃ ግን ከስልክ ይጠበቃል። ይህ በውል ላይ በአንድ መስመር መጻፍ አለበት፦ ማን ይቀርጻል፣ ስንት ደቂቃ ይለቀቃል፣ ማን አይቶ ይፈቅዳል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቃል የሚቀርብ ሥራም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ከተያዘ ጥበቃ አለው። የሚጠበቀው ግን አገላለጹ ነው፤ ሐሳቡ ለሁሉም ክፍት ነው። «አከራይና ቆጣሪ» የማንም ነው፤ የተነገረበት ቃልና ቅደም ተከተል ግን የባለቤቱ።

የቀረው የውሉ ክፍል የታወቀ ነው፤ ቀብድ፣ ቀሪው ከመድረክ በፊት ወይም በኋላ የሚከፈልበት ሰዓት፣ የደቂቃው መጠን፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ የሚሆነው። ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ደረሰኝ ነው። የድርጅት ፋይናንስ ያለ ደረሰኝና ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አይከፍልም፤ ንግድ ፈቃድ የሌለው ኮሜዲያን በኢቨንት አዘጋጅ በኩል ሲያልፍ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአዘጋጁ ድርሻ ዋጋው ላይ ይቆለላል። ደንበኛው «ውድ ነው» የሚለውና ኮሜዲያኑ «እጄ የገባው ትንሽ ነው» የሚለው ሁለቱም እውነት የሚሆነው በዚህ ነው።

መሞከሪያ መድረክ የሌለው ሙያ

አሁን ከሦስቱ መልሶች ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ቴሌግራሙ ቀልድ እንመለስ። ስታንድአፕ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት እየተነገረ፣ ያልሳቀው እየወጣ፣ ቃሉ እየተቀያየረ ነው። በሌላው ዓለም ይህ የሚሠራው በትናንሽ ክለቦች በሚደረግ ኦፕን ማይክ ላይ ነው። ጀማሪውም አንጋፋውም 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ ይወድቃል፣ በማግስቱ አስተካክሎ ይመለሳል። የሎስ አንጀለሱ ኮሜዲ ስቶር በ1972፣ የለንደኑ በ1979 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፈቱ ለሙያው ያበረከቱት ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ በየሳምንቱ ብዙ ጊዜ መውደቅ የሚቻልበት ቤት።

አዲስ አበባ መሃል የዚህ አቻ ሊሆን ይችል የነበረው አነስተኛ ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ 60 ወይም 80 ሰው ተጠጋግቶ የሚይዝ፣ ሰው ለመስማት ብሎ የሚመጣበት። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች በቅርጻቸው ለዚህ የቀረቡ ነበሩ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሲነሱ ከተማዋ ሰፋፊ መንገድና ሰፋፊ አዳራሽ አግኝታለች፤ ጠባቧ ቤት ግን ኪራዩን የምትችልበት ቦታ አጥሯታል። የባህል ተቋማትና የቴአትር ቤቶች ትናንሽ አዳራሾች አልፎ አልፎ ክፍተቱን ይሞላሉ፤ በየሳምንቱ ግን አይደለም።

ውጤቱ የሚጠበቅ ነው። መሞከሪያ የሌለው ኮሜዲያን አዲሱን ቀልድ የሚሞክረው በተከፈለበት ሠርግና በተከፈለበት የሽልማት ምሽት ላይ ነው። እዚያ ደግሞ መውደቅ ማለት የሚቀጥለውን ጥሪ ማጣት ነው። ስለዚህ የተፈተነውን፣ ሰው ሁሉ የሰማውንና የማያስወቅሰውን ይዞ ይወጣል። ስንፍና የሚመስለው ነገር ለብዙዎቹ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

አዘጋጆች ከዚህ በመነሳት የያዙት መንገድም እየታየ ነው። ኮሜዲያኑን ለብቻው ከመጥራት ይልቅ የመድረክ መሪ አድርገው ይወስዱታል፤ በአንድ ክፍያ ሁለት ሥራ። ለደንበኛው ርካሽ ነው፣ ለኮሜዲያኑም ከባዶ 20 ደቂቃ ይልቅ በሽልማትና በሽልማት መካከል ሁለት ሁለት ደቂቃ መቀለዱ ይቀለዋል፤ አንዱ ባይያዝ ወዲያው «ቀጣዩ ተሸላሚ…» ብሎ ያልፋል። መንደርደሪያ፣ መምቻ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚመለስ ኮልባክ የሚፈልገው ረጅሙ ስታንድአፕ ግን በዚህ አሠራር ቦታ የለውም። በትኬት የሚሸጥ የ80 ሰው ምሽት በቋሚነት እስኪጀመር ድረስ በሆቴል አዳራሾች የምናየው ኮሜዲ ወደ መድረክ መሪነት እየተጠጋ የሚሄድ ይመስላል።